በጉ የበላው ጌሾ

አስራ ሰባት ዓመት ለትዝታ ያንሳል ይለኛል ታላቅ ወንድሜ ናቲ። «ትዝታ የሚጽፉት ጥርሳቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው፤ አንቺ የመጨረሻው መንጋጋሽ እንኳ ገና አልበቀለም» ይላል። ይበል። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብለው ካነበቡት ወዲህ እኔን የሚያቆመኝ የለም። እናቴ ሱቅ ልትልከኝ የምትገዢውን ጻፊ ብትለኝ፣ ለሽንኩርቱ መግቢያ ለዘይቱ መደምደሚያ ሳላበጅ አልወጣም። ደግሞስ ትዝታ በዕድሜ ነው ያለው ማን ነው? ትናንት ፒያሳ ቆሜ የአዘዞ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ በላይ ካለ አንድ ግቢ ጌሾ ሲወቀጥ ሸተተኝ። ደረቅ ጌሾ ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ እንደ ደረቀ ሣር ነው፣ ቀጥሎ ምላስ ሳይነካው ይመራል፣ ከዚያ አፍንጫ ውስጥ ሰተት ብሎ ገብቶ ያስነጥሳል። አስነጠሰኝ። ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ! እህት፣ ግቢ እንጂ፣ ምነው ቆምሽ?» ይለኛል። እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ተቀብቼ፣ ጓሯችን ውስጥ አንዲት የጌሾ ጉቶ ላይ አፍጥጬ ነበር።

ያ ጊዜ፣ የእኔ «ያ ዘመን» እሱ ነው እንግዲህ፣ ባጃጅ በሁለት ብር የሚያደርስበት፣ አንድ ብር ይዞ ሱቅ የሄደ ልጅ እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ልጅ ዓመት አይቆጥርም፣ ጫማ ነው የሚቆጥረው። የላስቲክ ጫማ ያደረግሁበት ጊዜ ነበር፤ የኔ ሮዝ፣ የናቲ ሰማያዊ፣ ዝናብ ሲገባበት በየእርምጃው ጭልቅ ጭልቅ የሚል። አዘዞ ያለው ሰፈራችን ገና አዲስ ስለነበረ ግማሹ ቤት በር የለውም፣ ግማሹ አጥር የለውም፤ ጎረምሶቹ ስልካቸው ላይ በሜሞሪ ያስጫኗት አንዲት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ከዚህኛው ቤት ተነሥታ እዚያኛው ቤት ትደርሳለች፣ አጥር ስለሌለ የሚከለክላት የለም። ከአጠገባችን ካለው ማረፊያ አውሮፕላን ሲነሣ ሁላችንም ወጥተን እጃችንን እናውለበልባለን፤ አንድም ቀን መልስ የሰጠን የለም፣ እኛም አልተቀየምንም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ይህ እንኳ እስካሁን አልተለወጠም፣ ስለዚህ ከትዝታው ይውጣ። አባቴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ እናቴ ቀበሌ ይሠራሉ። ሁለቱም ማልደው ወጥተው አመሻሽ ላይ ነው የሚገቡት። ስለዚህ የቤቱ ቁልፍ በጥቁር ክር ታስሮ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል። ናቲ ሁለቴ ስለጣለው ቁልፉ ለኔ ተሰጠ። በክረምት ብረቱ ደረቴ ላይ ይቀዘቅዛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ፣ ጸጥ ያለውን ሳሎን አይቼ፣ ናቲ ኳሱን ጨርሶ እስኪመጣ ደጅ ላይ እቀመጥ ነበር። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን መግባት እፈራለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እቴቴ ብርቄ ከደባት መጣች። እቴቴ የእናቴ አክስት ናት፤ እናቴን ያሳደገቻት እሷ ናት። የራሷ ልጅ የላትም። ባሏ ሲሞት እናቴ ደጋው ላይ ብቻሽን አትቀሪም ብላ ለምና፣ አስለምና፣ አልቅሳ አመጣቻት። ጓዟ አንድ ማዳበሪያ ነበር፣ አፉ በልጥ የታሰረ፣ ልብሷን ሁሉ የያዘ። በሌላ እጇ አንገቱ የተሰበረ ገንቦ አቅፋለች። ገንቦው ውስጥ፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ አምስት የጌሾ ችግኞች ቆመዋል።

«አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ገንቦውን ከላይ ልጫነው አለኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ልጅ ከላይ ይጫናል ወይ አልሁት።»

ያን ገንቦ የሠራችላት የልጅነት ጓደኛዋ ነበረች፣ ከመንደሩ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች አንዷ። ቤተሰቡ ሁሉ ተነቅሎ ወደ እስራኤል ሲሄድ ጓደኛዋም ሄደች። እቴቴ ስለዚህ ነገር ስታወራ አታለቅስም፣ ትገረማለች እንጂ፤ «እሷ ባሕር ተሻግራ ገንቦዋ ደባት ቀረ፤ ዛሬ ደግሞ ገንቦዋ አዘዞ ወረደ። ሰውና ሸክላ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?» ትላለች። ችግኞቹን በማግሥቱ ተከለቻቸው፣ ከአባቴ ሣርና ጽጌረዳ ራቅ አድርጋ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ካለው ጥግ። አባቴ ጽጌረዳውን እንደ ሦስተኛ ልጁ ነው የሚያየው፤ ዙሪያውን እንኳ ድንጋይ እየመረጠ ደርድሮለታል። ጌሾ ግን ለሱ ቁጥቋጦ ነበር። «ገበያው ሁሉ ጌሾ አይደለም እንዴ?» አለ ለእናቴ በሹክሹክታ። እናቴ «ዝም በል፣ ያልገባህ ነገር አለ» አለችው። እኔም አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ማዳበሪያው ከበር ኋላ እንደታሰረ መቅረቱን ሳይ ነው።

«እቴቴ፣ ምነው ልብስሽን ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቢም?» አልኋት።

«እንግዳ ጓዙን አይፈታም።»

«አንቺ እንግዳ ነሽ?»

«እሱን ጌሾው ይንገረን» አለች። «ከጸደቀ መሬቱ ተቀብሎናል፤ እቀመጣለሁ። ከደረቀ ወደ ደባቴ ነው። እኔ እኮ አገሬ ላይ ሠርግ ያለው፣ ማኅበር የደረሰበት፣ ክርስትና የሚያነሣ ሁሉ ደጄ መጥቶ ጌሾ የሚቆርጥ ሴት ነበርሁ። ዛሬ ሰው ቤት ባዶ እጄን ተቀምጬ ልጦር?»

እናም እንዲህ ሆነ፤ ልብሷን በየዕለቱ ከማዳበሪያው እየፈታች ታወጣለች፣ አጥባ አድርቃ መልሳ ታስራለች። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የጌሾ ሰው ሆንሁ። ምክንያቱም እቴቴ በመጣች ማግሥት እናቴ ቁልፉን ከአንገቴ አውርዳ ሚስማር ላይ ሰቅላው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እቴቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ «መጣሽ ወይ የኔ ሸጋ?» ትለኛለች። ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል። ማታ ከኔ ጋር ትተኛለች፤ እግሯ እንደ ደባት ብርድ ነው፣ ወሬዋ ግን ያሞቃል። እቴቴ ከሄደች ቁልፉ ወደ አንገቴ ይመለሳል። ስለዚህ ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ፣ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ለጌሾዎቹ ከቤቱ ሁሉ ውሃ እለቅማለሁ፤ የምስር እጣቢ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ናቲ ጠጥቶ ኩባያው ላይ ያስቀራትን ጭምር። «ውሃዬን ልጠጣው!» ይላል፤ ወዲያው እወስድበታለሁ። እቴቴ አፈሩን በጣቷ እየኮተኮተች ታንጎራጉራለች፣

ከደባት አምጥቼ ብተክልሽ አዘዞ፣
መቼ ይላመዳል ሥር አገሩን ይዞ።

እኔም ግጥሙ ሳይገባኝ ከሷ ጋር አዜማለሁ። ጌሾዎቹ ግን ተላመዱ! የካቲት ላይ ጉልበቴ ደረሱ። የጌሾ ቅጠል ቅቤ የተቀባ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። እኔ በየቀኑ እለካቸዋለሁ፣ በየቀኑ ማዳበሪያውን ከበር ኋላ አያለሁ፣ ዛሬ ትፈታዋለች፣ ነገ ትፈታዋለች እላለሁ። እቴቴ «አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያላለፈው ጌሾ ጸደቀ አይባልም» ትላለች።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። አባቴ የፋሲካውን በግ ሐሙስ ዕለት ገዝቶ አመጣ፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ነጭና ቡና ዓይነት፣ ኩሩ በግ ነበር። ስቅለት ጠዋት ሁላችን ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ አባቴ በጉን ጓሮ ውስጥ ካስማ መትቶ አሰረው። ስንሰግድ ዋልን፤ በወይራ ተጠብጥበን ወደ ማታ ተመለስን። እቴቴ ቀድማ ወደ ጓሮ ዞረች፣ ቆመችም። በጉ ገመዱን ጨርሶ ጥጉ ድረስ ደርሷል፤ ቆሞ ያመነዥካል። ሦስቱ ጌሾዎች ከነሥራቸው ተነቅለዋል፤ የሁለቱ ጉቶ ብቻ፣ የአውራ ጣቴን የምታህል፣ ከአፈሩ ብቅ ብላለች።

«አንቱ» አለችው አባቴን። አማች ስለሆነ፣ በዕድሜ ልጇ ቢሆንም፣ አንቱ ነው የምትለው። እሱም አንቱ ይላታል። ሲጣሉ እንኳ እንደ ሁለት መኳንንት ነው የሚጣሉት። «አንቱ፣ ይሄን በግ እዚህ ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ እቴቴ፤ ሣሩን ይጋጥ ብዬ ነው።»

«ገመዱንስ ማን አስረዘመው?»

«እኔው ነኝ።»

«ጽጌረዳውን ምነው አልነካውም ታዲያ?»

አባቴ ጽጌረዳውን አየ። «እሾህ አለው» አለ ቀስ ብሎ።

ናቲ መቻል አቃተው። «በጉ ከኛ ቀድሞ ፈሰከ!» አለና እናቴ ቆነጠጠችው። አባቴ ነገሩን ያበረደ መስሎት «ቅጠል እኮ የጾም ነው» አለ። ማንም አልሳቀለትም። እቴቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «በጉ ምን አጠፋ፤ የቀረበለትን በላ። እኔም የተነገረኝን ሰምቻለሁ» ብላ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ከበር ኋላ ተንበርክካ ማዳበሪያው ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ ስታስር አየኋት። «ዳግማይ ትንሣኤን ውዬ እሄዳለሁ» አለች፣ ዞር ሳትል።

«እቴቴ፣ ጉቶዎቹ እኮ አሉ! ጌሾ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል ብለሽኝ የለም?»

«ትልቅ ጌሾማ ቢቆረጥ ብሶበት ይወጣል። ይሄ ሕፃን ነው የኔ ልጅ። ሕፃን ዱላ ይችላል?»

ፋሲካ ዕለት በጉን ስንበላ እቴቴ ከሁላችን አብልጣ በላች። «ጌሾዬን የበላውን እኔም እበላዋለሁ» አለች። እኔ ግን ሥጋው ጌሾ ጌሾ የሚለኝ መስሎኝ አልወርድ አለኝ። በማግሥቱ እናቴ አያ ሞላን ጠራች። አያ ሞላ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚታረቀው፣ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ አንዴ እንኳ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች። ጌሾና በግ ግን አስታርቀው አያውቁም ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙ። ጉቶዎቹን ሄደው አዩ። ጽጌረዳውንም አዩ። ከዚያ «ጥፋቱ ግልጥ ነው፤ አጥፊ ድንጋይ ይሸከማል» አሉ።

«አያ ሞላ፣ የምርዎን ነው?» አለ አባቴ።

«የሰው ተስፋ በግ አስበልተህ ቀልድ መሰለህ?»

እንግዲህ እዩት፤ ነጭ ጋውን ለብሶ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው፣ ራሱ ከደረደረው የጽጌረዳ ድንጋይ አንዱን አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ እቴቴ ፊት ቆመ። ሲጀምር እየሳቀ ነበር። ጎንበስ እንዳለ ሲቆይ ሳቁ አለቀ። «እቴቴ» አለ ወደ መሬት እያየ፣ «እርስዎ ከመጡ ወዲህ ሥራ ቦታ ልጆቼ ምን ሆኑ እያልሁ ተጨንቄ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።» እቴቴ ፊቷን በነጠላዋ ከለለች። «አንቱ፣ ተዉ፣ ያውርዱት፤ ወገብዎ ይሰበራል። ይቅር ብያለሁ» አለች። ሁላችን እልል ልንል ስንል ግን እጇን አነሣች። «ይቅርታ ሌላ ነው፣ መሄድ ሌላ ነው።» አያ ሞላ ከዘራቸውን መሬት ላይ ኳ አደረጉና «እንግዲያው ለልደታ ይሁን። ግንቦት ልደታን ከሰፈሩ ጋር ንፍሮ ሳይበሉ የሚሄድ የለም» አሉ። በዚህ ተስማማች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንዴት ልንገራችሁ? ጉቶዎቹን በቀጋ እሾህ አጠርኋቸው። ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይመታቸው የናቲን የተበላሸ ጃንጥላ ዘረጋሁላቸው። ጠዋት አያለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያለሁ፤ እንጨት ናቸው። እናቴ ሳላያት የምታየኝ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን ዝም ብላ መጥታ የሹሮ ዕቃ ያለቀለቀችበትን ውሃ ሰጠችኝ። ልደታ ደረሰ። ሰፈሩ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ስንዴና ባቄላ ንፍሮው በቅጠል ላይ ተበተነ፣ ሴቶቹ ልደታ ማርያምን እያነሡ እልል አሉ። እቴቴ አዲሷን ቀሚስ ለብሳ መሐላቸው ቁጭ ብላለች፤ ሁሉም «ነገ ሊሄዱ ነው አሉ?» ይሏታል፣ እሷም «እንግዲህ» ትላለች። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረና የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደብን። ሰው ሁሉ እየሳቀ ንፍሮውን በነጠላ ሸፍኖ ሲሮጥ እኔ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። የሮዙ ጫማዬ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጃንጥላውን አነሣሁ። አንደኛዋ ጉቶ እንጨት ናት። ሁለተኛዋ ጎን ላይ፣ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ግማሽ ክክ ምስር የማታክል አረንጓዴ ነገር ተለጥፋለች። በጣቴ ነካኋት። አልተነሣችም። ተለጥፋ አይደለም፤ ወጥታ ነው።

ጩኸቴን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሰምተውታል ይላል ናቲ። ሁሉም መጣ፤ እናቴ፣ አባቴ፣ አያ ሞላ ከነከዘራቸው። እቴቴ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክካ ጉቶዋን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው። ሌላኛዋንም ፋቀች፤ አረንጓዴ። ሁላችን አፏን እናያለን።

«ይሄ ገና ዓይን ነው» አለች። «ዓይን ጌሾ አይባልም።»

በማግሥቱ ግን አልሄደችም። አልሄድም ብላም አልተናገረችም። ማዳበሪያው ከነሁለት ቋጠሮው ከበር ኋላ ነው። ያ ክረምት አለፈ፣ በጋውም፤ ሁለቱ ጉቶዎች በጉ እንደ ከረከማቸው ሁሉ ከአንድ ግንድ አራት አምስት እየሆኑ ወጡ፣ ችግኝ ሳሉ ከነበሩት በለጡ። አባቴ ሳይጠየቅ አጥር ሠራላቸው፤ የፋሲካ በግም ከዚያ ወዲህ ከበሩ ውጭ ነው የሚታሰረው። ሌላም ክረምት አለፈ። እኔ ግን አድጌም ልማዴን አልተውሁም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ከበር ኋላ ነው። ማዳበሪያው ካለ እቴቴ አለች፤ ማዳበሪያው ካለ ደግሞ ልትሄድ ትችላለች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማሰብ ልጅን ያደክማል።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ታኅሣሥ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ገብቼ ከበር ኋላ ባየው ማዳበሪያው የለም። ግድግዳው ላይ የቆመበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። «እቴቴ!» አልሁ። ደብተሬን ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። ገመዱ ላይ ቀሚሶቿ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ታጥበው ተሰጥተዋል። ከሥራቸው መሬቱ ላይ ማዳበሪያው በሁለት ጎኑ ተቀዶ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ የጌሾ ቅጠል ተሰጥቷል። አራቱ ጥጎቹ ነፋስ እንዳይገለብጣቸው ድንጋይ ተጭነዋል፤ አንዱን ድንጋይ አወቅሁት፣ አባቴ የተሸከመው ነው። እቴቴ ቁጭ ብላ ቅጠሉን በመዳፏ ትገለባብጣለች።

«ማዳበሪያሽን ቀደድሽው?» አልኋት።

«ጌሾውን በምን ላይ ላስጣው ታዲያ? መሬት ላይ ባደርገው በግ ይበላዋል» አለች። ወዲያው ቀና ብላ አየችኝና «ነይ፣ ምነው ትነፋረቂያለሽ? ነይ ይልቅ ገልብጪ፤ ከታች ያለው አልደረቀም» አለችኝ።

ለዚያ ጥምቀት የጠመቀችው ጠላ የሰፈሩ ወሬ ነበር፤ ታቦት ሸኝቶ ከቀሐ ወንዝ ጥምቀተ ባሕር የተመለሰ ሁሉ ቤታችን ጎራ ይላል፣ አያ ሞላ ሦስተኛውን ጣሳ ሲይዙ «ይህን ጌሾ ያስታረቅሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ዛሬ ጌሾዎቹ የቤቱን ክዳን ሊደርሱ ነው፤ ማኅበር የደረሰበት፣ ክርስትና የሚያነሣ ሁሉ ደጃችን መጥቶ ይቆርጣል። አባቴ በየዓመቱ ፋሲካ ላይ «እቴቴ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚሄዱት?» ይላታል፣ እሷም «ጌሾውን ለበግ ትቼ?» ትለዋለች። ይህን የጻፍሁትን አነበብሁላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችና «በጉን ምነው አሳነስሽው? ጥጃ የሚያህል ነበር» አለች። ስለ ሌላው ምንም አላለችም።

ትናንት ከፒያሳው ሽታ ጋር እንደተሳፈርሁ አዘዞ ወረድሁ፣ ያን ጊዜ ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ በበቀሉት ፎቆች መሐል አልፌ በራችን ላይ ደረስሁ። አንኳኳሁ። «መጣሽ ወይ የኔ ሸጋ?» አለ ከውስጥ። የቤታችን ቁልፍ ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ክር ነጥቷል። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ያ ቁልፍ ግን ዳግመኛ አስፈልጎኝ አያውቅም።